የተዘጋ ፍሳሽ፦ መጀመሪያ አዳምጡ፣ ከዚያ ክፈቱ

ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ የምትኖረው አክስቴ ደወለችልኝ። የማድቤቷ ሲንክ አልወርድ ብሏታል። ቧንቧ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲፎኑን ፈቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ገጥሞ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። በሳምንቱ ያው ነው። እሷም የፍሳሽ መክፈቻ ዱቄት ከሱቅ ገዝታ ጨምራለች፣ የፈላ ውሃ ደፍታለች፣ ጎረቤት ያዋሳትን ሽቦ እስኪበቃት ሰዳለች። ምንም።

ስደርስ ሲንኩን አልነካሁትም። ሽንት ቤት ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ እንድትደፋ ነገርኳትና እኔ ሲንኩ አጠገብ ዝም ብዬ ቆምኩ። ባልዲው ሲደፋ ሲንኩ ጉልክ ጉልክ አለ። ማንም ሲንኩን አልነካውም፣ እሱ ግን አየር እየሳበ ነበር። ያኔ መሰላል ጠየቅኩ። ጣሪያው ላይ መውጣት የነበረበት የአየር ቱቦ የለም። ለካ ሰኔ ላይ ቆርቆሮው ሲቀየር ቱቦውን ዝቅ አድርገው ቆርጠው፣ አፉን በፌስታል ቋጥረው፣ አዲሱን ቆርቆሮ ከላዩ መትተውበታል። ቱቦውን አስረዝመን ከቆርቆሮው በላይ አወጣነው። ሲንኩ በዚያው ሰዓት መውረድ ጀመረ።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ፍሳሽ ሲዘጋ ሁላችንም መጀመሪያ የምናነሳው ሽቦ ነው። መጀመሪያ መነሳት ያለበት ግን ጥያቄ ነው፦ የት ነው የታነቀው? ይህ ከታወቀ ግማሹ ሥራ አለቀ። ካልታወቀ ገንዘብም ጉልበትም ዝም ብሎ ይፈሳል።

ከግድግዳው ጀርባ ያለው መንገድ

ከሲንኩ፣ ከእጅ መታጠቢያውና ከሻወሩ ስር የታጠፈች ክፍል አለች፤ ሲፎን የምንላት። ሲፎኗ ውስጥ ሁልጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ይቀራል። ያ ውሃ በር ነው። የጉድጓዱ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግደው እሱ ብቻ ነው። የሽንት ቤት መቀመጫው ሲፎን ከሸክላው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው አይፈታም።

ከሲፎኑ ቀጥሎ ቀጭን ቧንቧ አለ፤ ለሲንክ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ ሄዶ ከሽንት ቤቱ ወፍራም ቧንቧ ጋር ይገናኛል፤ ይሄኛው 110 ነው። ከቤት ይወጣል፣ ማንሆል ይገባል፤ ማንሆል ክዳን ያለው የፍሳሽ መፈተሻ ሳጥን ነው። ከማንሆል ወደ ሴፕቲክ ታንክ። እኛ ከተማ አብዛኛው ግቢ መጨረሻው ይኸው የራሱ ጉድጓድ ነው፤ ስለዚህ ችግሩን "መሥሪያ ቤቱ ይየው" ብሎ መተው አይቻልም፣ ከሲንክ እስከ ጉድጓድ ያለው ሁሉ የቤቱ ባለቤት ነው።

ቧንቧው በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መውረድ አለበት። ወፍራሙ በ1 ሳንቲ ሜትርም ይሠራል። ጎንደር ቁልቁለት ስለሆነች ይሄ ችግር የሌለብን ይመስለናል፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው፣ ምክንያቱም ቤት የሚሠራው ተዳፋቱ በአንድ በኩል ተቆርጦ በሌላ በኩል ተሞልቶ ነው፣ የተሞላው አፈር ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ይሰጥማል፣ ከላዩ ያለው ቧንቧም አብሮ ሰጥሞ ሆድ ያወጣል። ሆድ ባወጣው ቦታ ውሃ ይተኛል፣ ዝቃጭ ይከማቻል። በየሁለት ወሩ እዚያው ቦታ የሚዘጋባችሁ ከሆነ በሽቦ የሚድን በሽታ አይደለም። ተቆፍሮ መነሳት አለበት።

አሁን ወደ አየር ቱቦው። ውሃ ቀድታችሁ ታውቃላችሁ። ሙሉ ጀሪካን ሲደፋ ጉልክ ጉልክ እያለ፣ እየተቆራረጠ ነው የሚወርደው። ጀሪካኑን ከላይ በኩል ትንሽ ብትበሱት ግን ድምፅ ሳያሰማ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ምክንያቱም ውሃ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የፍሳሽ ቧንቧም ጀሪካን ነው። ጣሪያው ላይ የሚወጣው ቱቦ ያቺ ቀዳዳ ናት። ሠራተኞቹ ቬንት ይሉታል። ከተዘጋ ውሃው አየር ፍለጋ ወደ ሲፎኖች ይዞራል፣ ውሃቸውን መጥጦ ያደርቃቸዋል፤ በዚህ ጊዜ አወራረዱም ይዘገያል፣ ቤቱም ይሸታል።

ምርመራው

አንድ ባልዲ፣ የእጅ ባትሪ እና አንድ ረዳት ይበቃችኋል። ውሃ በተራ የሚመጣ ከሆነ ከሮቶው አንድ ሁለት ጀሪካን አስቀድማችሁ ቅዱ፤ ሳትፈትሹ ውሃ ማለቁ ያበሳጫል።

መጀመሪያ ሁሉንም የውሃ መውረጃ አንድ በአንድ ሞክሩ። ሲንኩ ብቻ ከሆነ የዘገየው፣ መዝጊያው፣ ማለትም የዘጋው ነገር፣ ከሲንኩ ሲፎን እስከ ወፍራሙ ቧንቧ ባለው ውስጥ ነው፤ ቅርብ ነው፣ በራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ሻወሩና እጅ መታጠቢያው አብረው ከዘገዩ የጋራ ቧንቧቸውን ጠርጥሩ። ሽንት ቤት ሲደፋ ውሃው በሻወሩ ወለል ወንፊት ወደ ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ዋናው መስመር ነው፣ ምክንያቱም ፍሳሽ መውጫ ሲያጣ መጀመሪያ የሚገነፍለው በቤቱ ዝቅተኛ ቦታ ነው። በዚህ ጊዜ ሲንክ መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ውሃ መጠቀም አቁሙና ወደ ማንሆሉ ሂዱ።

ማንሆሉ ብዙ ይናገራል። ክዳኑን አንሱ፣ ፊታችሁን አርቁ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይተንፍስ። ከቤቱ አጠገብ ያለው ማንሆል ባዶ ሆኖ ቤት ውስጥ ውሃ ከቆመ፣ መዝጊያው ከማንሆሉ ወደ ቤት ባለው ነው። ማንሆሉ ሞልቶ ከሆነ መዝጊያው ከእሱ በታች ነው። ሁለት ማንሆል ካላችሁ ደግሞ እጅግ አሪፍ ነው፦ የላይኛው ሞልቶ የታችኛው ባዶ ከሆነ መዝጊያው በሁለቱ መካከል ነው። ሁሉም ከሞሉ ጉድጓዱ ራሱ ሞልቷል ወይም መግቢያው ላይ ታንቋል። የትኛውም ሽቦ ይህን አይነግራችሁም። ክዳን ማንሳት ግን አምስት ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ ድምፁ። አንዱ ሲደፋ ሌላው ጉልክ ካለ ወይ አየር አጥቷል ወይ ዋናው መስመር በግማሽ ተዘግቷል። ሁለቱን ለመለየት ማንሆሉን እዩ። ማንሆሉ ውስጥ ውሃው ሳይታገድ በፍጥነት እየፈሰሰ ሲንኩ ግን ጉልክ የሚል ከሆነ፣ ወደ ጣሪያው እንወጣለን።

ጊዜውንም አስቡ። ጠዋት ደህና ወርዶ ማታ ሰው ሁሉ ሲታጠብ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ወይም ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ብቻ የሚከፋ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ነው። ክረምት መሬቱ ውሃ ስለጠገበ ከጉድጓዱ የሚሰርገው ውሃ መሄጃ ያጣል። ከዚህ ላይ አንዳንድ ግቢ የጣሪያው አሸንዳ ከፍሳሹ ማንሆል ጋር የተገናኘ ነው፤ አንድ የሐምሌ ዝናብ ያን ጉድጓድ ቶሎ ሊሞላው ይችላል። የናንተም እንደዚያ ከሆነ ከምንም በፊት አሸንዳውን ለዩት።

ውሃው በደንብ እየወረደ ቤቱ ብቻ የሚሸት ከሆነስ? ያኔ ምንም አልተዘጋም፣ ሲፎን ደርቋል። እኛ ጋ ውሃ ሲጠፋ ሰው በሳፋ ይታጠባል፣ ሻወሩ ሳምንታት ሳይነካ ይቆያል፣ የሲፎኑ ውሃ ይተናል፣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። እንግዳ የማያድርበት ክፍል ሽንት ቤትም እንደዚሁ። አንድ ሁለት ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ቶሎ እንዳይተን ከላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉበት። በማግሥቱ ሽታው ከጠፋ ሌላ ምንም አትንኩ። ውሃ ሞልታችሁበትም በየሁለት ቀኑ የሚደርቅ ከሆነ ግን ትነት አይደለም፣ እየተመጠጠ ነው፤ ያም ወደ አየር ቱቦው ይመራናል።

የማድቤት ሲንክ

እኛ ቤት ሲንክ የሚዘጋው በሦስት ነገር ነው፦ ሊጥ፣ ቅባትና የቡና አተላ። የቡሃቃው እጣቢ ውስጥ ያለው ሊጥ ሲፎኑ ላይ ይቀመጣል፣ እንደ ጭቃ ይጋገራል። የወጥ ድስት ሲታጠብ የሚሄደው ቅቤና ሥብ በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ይወርድና ቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ይረጋል። ከዚያ የጀበናው አተላ ይመጣና የረጋው ቅባት ላይ ይለጠፋል። በዓል ባለፈ በሳምንቱ የሚዘጉት ሲንኮች በሙሉ ይሄ ታሪክ አላቸው።

የቆመውን ውሃ በኩባያ እየቀዳችሁ ግማሽ አድርሱት። ሲንኩ ጎን ላይ ውሃ እንዳይሞላ የሚወርድባት ትንሽ ቀዳዳ ካለች በእርጥብ ጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ ድፈኗት፤ ካልደፈናችኋት የምትገፉት አየር በእሷ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ብትለፉ ለውጥ የለም። ሁለት ጉድጓድ ያለው ሲንክ ከሆነም ሌላኛውን ድፈኑ። እጀታ ያለውን የጎማ መምጠጫ አፉ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ 15 ወይም 20 ጊዜ ግፉና ሳቡ። ጉልበቱ ያለው መሳቡ ላይ ነው፤ ሰው ግን መግፋቱን ብቻ ያጠብቃል።

እምቢ ካለ ሲፎኑን እንፍታ። ባልዲ ከስሩ አስቀምጡ። የፕላስቲክ ከሆነ ሁለቱ ማጥበቂያ ቀለበቶች በእጅ ይፈታሉ፤ ፒንሳ የሚያስፈልገው ሲግም ብቻ ነው፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ጎሚኒዎቹ፣ ውሃ እንዳያንጠባጥብ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች፣ በየት በኩል እንደነበሩ ፎቶ አንሱ። ይሄን የምለው አጥብቄ ነው፣ ምክንያቱም ሲፎን ካጠቡ በኋላ የሚያንጠባጥበው አብዛኛው ቤት ጎሚኒው የተገለበጠበት ነው። ሲፎኑን በላርጎ እና በጥርስ ብሩሽ አጥቡት። ከመመለሳችሁ በፊት በግድግዳው በኩል ያለውን ቧንቧ በባትሪ እዩ። ስፕሪንጉን፣ ያን የተጠመዘዘ ረጅም የፍሳሽ መክፈቻ ሽቦ፣ እዚያ አስገቡ፣ በቀስታ እያዞራችሁ። ሲያጋጥማችሁ አትግፉ፣ አዙሩ። መታጠፊያው ጎሚቶ ላይ ይጠነክራል፣ ከዚያ ያልፋል። ለስላሳ ነገር ላይ እንደደረሰ እጃችሁ ያውቀዋል። እያዞራችሁ መልሳችሁ ሳቡት፣ ይዞ የመጣውን ጠርጉ፣ ድገሙ።

ሲፎኑ ሲመለስ ሙቅ ውሃ ከላርጎ ጋር ልቀቁበት። ሙቅ እንጂ የፈላ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ እንደዚያም ሆኖ ለፒቪሲ፣ ለፕላስቲኩ ቧንቧ፣ ብዙ ነው፣ ፒቪሲ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ግማሽ የፈላ ግማሽ ቀዝቃዛ ብትቀላቅሉ 55 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ቅቤ ለማቅለጥ ከበቂ በላይ ነው።

ሻወርና የወለል ወንፊት

ፀጉርና ቅቤ። በቃ። ቅቤ የተቀባ ሹሩባ ተፈቶ ሲታጠብ የሚሄደው ፀጉር ከሳሙናው ጋር ተጠቅልሎ ገመድ ይሆናል። ወንፊቱን በካቻቢቴ ፍቱት፣ ጓንት አድርጉ፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ ያጠፋችሁትን ሽቦ አስገብታችሁ አጠምዝዛችሁ ሳቡ። ወደ ውስጥ መግፋት እዚህ ላይ ጥፋት ነው። የገፋችሁት ፀጉር ወፍራሙ ቧንቧ ላይ ሄዶ ይጠብቃችኋል።

ሽንት ቤት

ሞልቶ ከቆመ ሌላ ውሃ አትድፉበት። ግማሽ ሰዓት ጠብቁት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ከዚያ መምጠጫውን ቀዳዳው ላይ አጥብቃችሁ አስቀምጡ፣ የመጀመሪያውን ግፊት በቀስታ አድርጉ፣ አለበለዚያ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ቀጥሎ ጠንከር። ውሃው ድንገት ሲሰምጥ ተከፍቷል። አንድ ሙሉ ባልዲ ከወገብ ከፍታ በአንድ ጊዜ ድፉበትና አረጋግጡ።

"በአንድ ጊዜ" ያልኩት በምክንያት ነው። ውሃ ስንቆጥብ በጆግ ትንሽ ትንሽ እንደፋለን። ከሸክላው ይወርዳል፣ ከዓይን ይርቃል፣ ግን እስከ ማንሆሉ የሚያደርሰው ጉልበት የለውም። ቧንቧው ውስጥ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ይደርቃል፣ በላዩ ሌላው ይመጣል። የውሃ እጥረት ባለበት ቤት ሽንት ቤት የሚዘጋበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ በጆግ ከደፋችሁ በኋላ ቢያንስ ማታ ማታ አንድ ሙሉ ባልዲ ልብስ የታጠበበትን ውሃ በኃይል ድፉበት። ንጹሕ ውሃ መሆን የለበትም።

መምጠጫ ካልሠራ የገባው ነገር ጠጣር ነው፦ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የልጅ መጫወቻ፣ የሳሙና ማስቀመጫ። ይሄ በግፊት አይሄድም። በመንጠቆ ወደ ኋላ መሳብ ነው ያለበት። አልመጣ ካለ መቀመጫው ተነቅሎ ከስር ይወጣል፤ ሲመለስ ከስሩ ያለው መገጣጠሚያ ጎማ አዲስ መሆን አለበት፣ አሮጌውን መልሰው ከገጠሙት ሽታ ይገባል። በሲሚንቶ የተለጠፈ መቀመጫ ከሆነ ግን ሸክላው ሊሰበር ይችላል፤ ለባለሙያ ተዉት።

ዋናው መስመርና ጉድጓዱ

በማንሆሎቹ የት እንደታነቀ ካወቃችሁ ሥራው የሚጀመረው ከታችኛው ባዶ ማንሆል ወደ ላይ ነው። ረጅም ስፕሪንግ ወይም ጠንካራ ግን የሚታጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ ይሆናል። ከታች ስትገፉ የሚለቀቀው ውሃ ማንሆሉ ውስጥ ይወርዳል፤ ከላይ ስትገፉ ግን የታመቀው ሁሉ እጃችሁ ላይ ነው። ሲለቀቅ ድንገት ነውና ከቀዳዳው ፊት ለፊት አትቁሙ፣ በጎን ሁኑ። ስፕሪንጉ ቀጫጭን ሥር ይዞ ከመጣ በመገጣጠሚያው የዛፍ ሥር ገብቷል ማለት ነው። ትቆርጡታላችሁ፣ ይከፈታል፣ ግን መገጣጠሚያው እስካልተቀየረ ተመልሶ ይበቅላል።

ጉድጓዱ ከሞላ የመምጠጫ መኪና መጥራት ነው። ቀጠሮው ሊዘገይ ይችላልና ክዳኑ ጋ ለመድረስ ሁለት ስንዝር ሲቀረው ደውሉ። በሌሊት ወደ መውረጃ ቦይ መልቀቅ የሚያስቡ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ቦዮቻችን ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ነው የሚወርዱት። በቀሃ ውሃ ነው የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው፤ የአንገረብ ግድብ ደግሞ የምንጠጣው ነው።

አሁን አንድ ነገር በጣም ላስጠንቅቅ። ጉድጓድ ውስጥ ማንም እንዳይገባ። ጭንቅላቱንም እንዳያስገባ። ውስጡ ያለው ጋዝ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል፣ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል። ሊያወጣው የገባው ሁለተኛውም እዚያው ይቀራል። በተጨማሪ የሚነድ ጋዝም አለበትና ክብሪትና ሻማ አታቅርቡ፣ ለማየት ባትሪ ብቻ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ልጆች ባሉበት አትሂዱ።

የአየር ቱቦው

ብዙ ሰው ይሄ ቱቦ መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ ቆርቆሮ ሲቀየር ይቆረጣል፣ ዝናብ እንዳይገባበት ተብሎ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ቀለም ቀቢ ጨርቅ ይወትፍበታል። ወፍ ጎጆ ትሠራበታለች፣ ተርብም ይገባበታል።

ጣሪያ የምትወጡት በደረቅ ቀን ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ እግር አይቆምም። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር፣ የመብራት ገመዱ በየት እንደሚገባ አስቀድማችሁ እዩ፣ ስትራመዱ ሚስማር ባለበት መስመር ላይ ርገጡ፣ ከስሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። የጋራ ሕንፃ ላይ ከሆናችሁ ቱቦው የሁሉም ነውና ለኮሚቴው ነግራችሁ አብራችሁ ሥሩ።

ቱቦውን ብዙ ጊዜ ከሽንት ቤቱ በላይ ታገኙታላችሁ። አፉን ከመንካታችሁ በፊት ቀላል ሙከራ አድርጉ። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በክር አስራችሁ አፉ ላይ አንጠልጥሉት። ከታች ያለው ሰው አንድ ባልዲ በአንድ ጊዜ ይድፋ። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቱቦው ይተነፍሳል። ዝም ካለ ታንቋል። በክብሪት ጭስ የሚሞክሩ አሉ፣ የሚነድ ጋዝ ከሚወጣበት አፍ ላይ እሳት ማቅረብ ስለሆነ አይሆንም።

በባትሪ ወደ ታች እዩ። ጎጆ ወይም ቅጠል ከሆነ በመንጠቆ ወደ ላይ አውጡት፤ ከገፋችሁት ቱቦው ከፍሳሹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሄዶ ይሰነቀራል፣ ያኔ ግድግዳ ማፍረስ ሊመጣ ነው። የሚታየውን ካወጣችሁ በኋላ ግማሽ ባልዲ ውሃ በቀስታ ልቀቁ። ከታች ያለው ሰው ሲወርድ መስማት አለበት። ውሃው ቱቦው ውስጥ ወደ ላይ እየሞላ ከመጣ ስፕሪንጉን ከላይ ወደ ታች እያዞራችሁ ላኩት። በቱቦው ቁመት ልክ ሽቦው ላይ ምልክት አድርጉ፣ የት ላይ እንደሚያጋጥም ታውቃላችሁ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ እንደነካ ድርቅ የሚል ከሆነ ሲሠራ የወደቀ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። ያ በሽቦ አይነሳም፣ ያንን ቁራጭ ቆርጦ መተካት ነው።

ሲያልቅ አፉ ላይ ቀዳዳው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሽቦ ወንፊት አድርጉበት። ጥቅጥቅ ያለ የወባ መከላከያ መረብ በአቧራ ይደፈናል። ክዳን ካደረጋችሁ በጎን አየር የሚያስገባ ይሁን። ዝናብ ቢገባበት ምንም አይደለም፣ ወደ ፍሳሹ ነው የሚወርደው።

ጭራሹኑ የአየር ቱቦ የሌለው ቤትም ብዙ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ከቤቱ አጠገብ ያለውን ማንሆል ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ ባልዲውን እንደገና ድፉ። ጉልክታው ከቀነሰ የጎደለው አየር ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ማስተካከያው ከባድ አይደለም፦ ከሽንት ቤቱ ወፍራም ቧንቧ ላይ በቲ፣ ማለትም ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ ተነስቶ በውጭ ግድግዳ የሚወጣ ቱቦ። ቲው የሚገባው ከቧንቧው ጀርባ፣ ማለትም ከላይ በኩል ነው፤ በጎኑ ከገባ ቆሻሻ ይሞላዋል። ከ50 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ 110 ከሆነ የተሻለ። ከቆርቆሮው በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ከመስኮትና ከሮቶው ክዳን ይራቅ።

ስለ ኬሚካሉ

እኔ አልመክርም። ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ቧንቧ ላይ የተደፋ ኮስቲክ ሶዳ የሚሄድበት የለውም፣ እዚያው ይተኛል፤ ከቅባቱ ጋር ተዋህዶ እንደ ሳሙና ይደርቃል፣ መዝጊያውን ይብስ ያጠነክራል። ከዚያ ሲፎኑን የሚፈታው ሰው እጅና ዓይን ላይ ነው የሚፈስሰው። አስቀድማችሁ ጨምራችሁ ከሆነ ለቧንቧ ሠራተኛው ሳይጀምር ንገሩት። እንዲሁም በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አይገናኝ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አንዱ ትናንት ተደፍቶ ሌላው ዛሬ ቢጨመርም፣ ውሃው ከቆመ አደጋው ያው ነው።

እንዳይመለስ

ሲንኩ አፍ ላይ የሻይ ማጥለያ የምታክል ወንፊት። የድስት ቅባት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ። የቡና አተላ ለአበባው፣ የቡሃቃው እጣቢ ዘቅጦ ከላይ ያለው ውሃ ብቻ ይደፋ። ሻወሩ ወንፊት ላይ ያለው ፀጉር በየታጠቡ ቁጥር ይነሳ። ጥምቀት ሲደርስ እንግዳ ቤት ይሞላል፣ አንድ ሽንት ቤት አሥር አሥራ አምስት ሰው ያስተናግዳል፤ ስለዚህ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ማንሆሉን ከፍታችሁ እዩ፣ የጉድጓዱን ልክ እዩ። ግንቦት መጨረሻ ላይም፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከአሸንዳውና ከአየር ቱቦው ጋር እንደገና።

ባለሙያ ስትጠሩ የፈተሻችሁትን ንገሩት፦ "የላይኛው ማንሆል ሞልቷል፣ የታችኛው ባዶ ነው፣ ቱቦው ይተነፍሳል።" ያኔ ሥራውን የሚጀምረው ከትክክለኛው ቦታ ነው፣ ዋጋውም የሚነጋገሩት በዚያው ልክ ነው።

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ ሴራሚኩ ከመነጠፉና አፈሩ ከመመለሱ በፊት ቧንቧዎቹን ከአጠገባቸው ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ማንሆሉ ላይ ሴራሚክ እንዲነጠፍ አትፍቀዱ። አክስቴ ጋ ሦስተኛ ማንሆል እንዳለ ያወቅነው ባለፈው ወር ነው፣ በረንዳው ሴራሚክ ስር፣ መዶሻ ስናንኳኳ ድምፁ ክፍት ሆኖ ሲሰማ። አሁን ክዳኑ ያለበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በቀለም ጽፈንበታል፦ ከበሩ 2 ሜትር ከ40።